እትዬ ያቆሟት ሞተር

አሮጌ ብረት የሚገዛው ሰውዬ ጋሪውን በር ላይ አቁሞ ይጠብቃል። ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ደግሞ የእህቱን ሞተር ሳይክል ከጓሮው መጋዘን እየጎተተ ያወጣል። መጋዘኑ ይጽዳ ያለችው ሚስቱ ነች። «ቤት ውስጥ ከምትንቆራጠጥብኝ እዚያ ጓሮ ያለውን ጉድ ጥረግልኝ» ብላው ወደ ባንክ ሥራዋ ሄዳለች። ሞተሯ ሸራ ለብሳ፣ የተሰበረ ወንበርና ቀዳዳ ባልዲ ተጭኖባት ስንት ዘመን ዞር ብሎ ያያት አልነበረም። ጎማዎቿ ተንፍሰው መሬት ላይ ተለጥፈዋል። እንደምንም ገፋ ሲያደርጋት የኋላ እግሯ ተንቀሳቀሰና ካቴናዋ ሲጥጥ አለ።

እህቱ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ከቤቱ ድምፅ የሚያመልጣቸው የለም። ሲጥታውን ሰሙ። ተነሡና ግድግዳውን በጣታቸው እየዳበሱ ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። መምህሩ ያንን የበር አዘጋግ ያውቀዋል። አባታቸውን ቀብረው የተመለሱ ዕለትም እህቱ እንደዚያው አድርገው ነበር የዘጉት።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ የሚሸጥ ነገር የለም» አለ ወደ ብረት ገዢው ዞሮ።

«እንዴ! አሁን አይደል እንዴ የጠራኸኝ?»

«አሁን ሐሳቤን ቀየርኩ።»

ሰውዬው ጋሪውን እየገፋና እያጉረመረመ ሄደ። መምህሩ ሞተሯን እንደያዘ ግቢው መሀል ቆመ። ለምን እንዳስቀራት ራሱም በቅጡ አልገባውም።

እህቱን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። አዋላጅ ነበሩ። እናታቸው ሲያርፉ እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ስለነበር ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ለዚህም ነው ፀጉሩ ሸብቶ፣ ጡረታ ወጥቶ እንኳን «ማሙሽ» የሚሉት። በዚያን ዘመን ሴት ሞተር ላይ ስትወጣ ታይቶ አይታወቅም። እትዬ ግን ቦርሳቸውን ከኋላ በገመድ አስረው፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው፣ አቧራውን እያስነሡ ምጥ ወደያዛት ሴት ይበሩ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሞተሯን እየገፉ መጡና መጋዘን አስገብተው ሸራ አለበሷት። «ተበላሽታለች» አሉ። መካኒክ ልጥራ ቢላቸው «አትልፋ፣ እሷ አልቆላታል» ብለው አፉን አስያዙት። ወሬው በዚያው ቀረ።

ማታ ሚስቱ ስትመለስ ሞተሯን በረንዳው ሥር ቆማ አገኘቻት።

«አልሸጥካትም?»

«ልጠግናት ነው።»

ሚስቱ በሳቅ ፈርሳ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አይፈረድባትም። ሚስማር ልምታ ሲል አውራ ጣቱን የሚቀጠቅጥ፣ አምፖል ልቀይር ብሎ የጎረቤቱን መብራት ጭምር ያጠፋ ሰው ነው ያገባችው።

«አንተ? በነዚህ እጆችህ?» አለች ዕንባዋን እየጠረገች።

«ሌላ እጅ ከየት ላምጣ?»

በማግስቱ መንገዱ ጥግ ላይ ጋራዥ ወዳለው መካኒክ ሄደ። መካኒኩን ሰው ሁሉ «ብሎን» ነው የሚለው፤ አጭርና ድንቡሽ ያለ፣ አንዴ ነገር ከያዘ የማይላቀቅ ሰው ነው። የመምህሩ ተማሪ ነበር።

«ጋሼ፣ በጂኦግራፊ የጣሉኝ ትዝ ይልዎታል?»

«ዛሬ ተራው ያንተ ነው፣ ጣለኝ።»

ብሎን ሳቀና መፍቻዎችና ካቻቢቴ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠው። «ሞተር ነዳጅ፣ አየርና እሳት ነው የምትፈልገው። ሦስቱ በሰዓታቸው ከተገናኙ ትነሣለች። የጎደለውን መፈለግ ነው ሥራው። መጥቼ እኔ ብፈታልዎት በሳምንት አልቆ ነበር፤ ግን እርስዎ ምን ያገኛሉ? ይጀምሩት፤ ሲጨንቅዎት ይጥሩኝ።»

ሞተሯን ወደ መጋዘኑ መለሳትና ሥራውን ጀመረ። የፈታውን ሁሉ በስልኩ ፎቶ እያነሣ በፈታበት ተራ ጋዜጣ ላይ ይደረድራል። ዘይቱን ሲያፈሰው እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆኖ እየተንዘላዘለ ወረደ። የነዳጅ ታንከሯን ሲከፍት የቆየ ቀለም የመሰለ ሽታ ፊቱን መታው። አየር ማጣሪያውን ሲያወጣ አይጥ ከሸራው ክርና ከወረቀት ቅዳጅ የሠራችው ጎጆ ዱብ አለ። «አየር የለም» አለ ለራሱ፤ ብሎን ካለው አንዱን ጉድለት በገዛ እጁ ማግኘቱ ልቡን ሞቅ አደረገው።

ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር የፈታ ዕለት አንዲት ቁንጥጫ የምታህል ሞላ ተስፈንጥራ ሣር ውስጥ ገባች። ሚስቱ ከሥራ ስትገባ ባሏን ጓሮ ውስጥ በአራት እግሩ ሲድህ አገኘችው። ምን ነካህ ልትል ነበር፤ ፊቱን አየችና ተወችው። የእጅ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችና አብራው ተንበረከከች። ሞላዋን ያገኘችው እሷው ነበረች። «እንካ» አለችና፣ ቆይታ ደግሞ «ይቺ ምን ታደርጋለች?» ብላ ጠየቀች።

ካርቡሬተሩን በቤንዚን ሲያጥብ ከኋላው ጥላ ወደቀበት። እትዬ መጋዘኑ በር ላይ ቆመዋል።

«ማሙሽ።»

«አቤት እትዬ።»

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ካርቡሬተር እያጠብኩ ነው።»

ይቆጡኛል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን አፍንጫቸውን ቀና አድርገው የቤንዚኑን ሽታ በረጅሙ ሳቡት። «በጥርስ ብሩሽ ነው የሚፈተገው» አሉ። «እኔ ክፍል አሮጌ አለ፣ ሄደህ አምጣ።» ይህን ብለው ግድግዳውን እየዳበሱ ተመለሱ።

በጥርስ ብሩሹ ፈተገው። ከውስጡ የወጣች አንዲት የነሐስ ቁራጭ ነበረች፤ ሩዝ ብታህል ነው። ብሎን ቀዳዳ አላት ብሎታል፣ እሱ ግን አይታየውም። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ በመዘዘው የመዳብ ክር ቀስ እያደረገ ወጋጋት፣ እፍ አለባት፣ ወደ ፀሐይ አነሣት። በመሀሏ ፀጉር የምታህል ብርሃን ገብታ ዓይኑ ውስጥ አረፈች። እህቱ በዚያ ሁሉ ገደልና ጭቃ ላይ ሲከንፉ የኖሩት፣ ለዚያ ሁሉ ሕፃን የደረሱት፣ ነዳጁ በዚህች በማትታይ ቀዳዳ እያለፈ ነው! ቁራጯን መዳፉ ላይ አድርጎ እስኪበቃው አያት።

ቀጥሎ እሳቱ ነበር የሚፈተሸው። እሳት የሚያመነጨውን ካንዴላ ነቅሎ ከገመዱ ጋር አገናኘውና ብሎን እንዳሳየው የሞተሩ ብረት ላይ አስደገፈው። ብልጭታው እንዲታየው የመጋዘኑን በር ዘጋ፤ ውጭው ቀትር ነው፣ ውስጡ ድቅድቅ ያለ ጨለማ። ማስነሻውን በእግሩ ረገጠ። ምንም የለም። ረገጠ፤ አሁንም ምንም። አሸጋሽጎ፣ ገመዱን ጠበቅ አድርጎ በሙሉ ክብደቱ ረገጠው።

ጠሽ!

ሰማያዊ መብረቅ ካንዴላው ጫፍ ላይ ዘልሎ ጠፋ። መምህሩ እግሩን እንዳነሣ ደርቆ ቀረ። መብረቅን ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር ኖሯል። ደመና ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እንዴት ወደ መሬት እንደሚዘል ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሲሥል አርጅቷል። በገዛ እግሩ መብረቅ ሲያወርድ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ደጋግሞ ረገጠው፤ በረገጠ ቁጥር ያቺ ሰማያዊ ብልጭታ ትመጣለች። ላቡ እስኪንቆረቆር ድረስ እዚያ ጨለማ ውስጥ ብቻውን እየሳቀ ረገጠ።

አንድ ነገር ግን አልገባው አለ። የተሰበረው ክፍል የቱ ነው? «ተበላሽታለች» ተብሎ አልነበር? የቆሸሸ እንጂ የተሰበረ ነገር አጣ። ብሎንን ጠራው። ብሎን ሁሉንም ነካካ፣ አዳመጠ፣ የካንዴላውን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ደፍኖ ማስነሻውን አስረገጠውና የአየሩን ግፊት ለካ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ይቺ ሞተር ምንም አልሆነችም። ስትቆም ደህና ነበረች።»

መምህሩ ወደ በረንዳው ሄዶ እትዬ አጠገብ ተቀመጠ። እንዴት ብሎ እንደሚጀምር ጨነቀው። እሳቸው ቀደሙት።

«ሰምቻችኋለሁ» አሉ። «ብሎን ልክ ነው። ያኔ መንገዱ ከዳርና ከዳር ይጠብብኝ ጀምሮ ነበር። በቱቦ እንደማየት በለው። አንድ ቀን ከጎኔ የመጣ ጋሪ፣ ሳላየው በድምፁ ነቃሁና ለትንሽ አመለጥኩት። ወረድኩና እየገፋሁ አመጣኋት።»

«ታዲያ ለምን ተበላሸች አሉን?»

«ዓይኔ ነው ብል ሥራዬንም አስተዉኝ ነበራ! በእግሬ ሄጄም ቢሆን የቻልኩትን ያህል ሠርቻለሁ። ደግሞ ውሸት አልተናገርኩም። ተበላሸች ያልኩት እሷን አልነበረም።»

መምህሩ እጃቸውን ያዘ፤ የጣቶቹ ጥፍር በዘይት ጠቁሯል። እትዬ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱት ፈገግ አሉ። «እጅህ የሠራተኛ እጅ ሆኗል» አሉ።

ጎማዎቿ ተቀይረው፣ ሁሉም ተገጥሞ ባለቀበት ቅዳሜ ጠዋት ሞተሯን ግቢው መሀል አቆሟት። ሚስቱ እጇን አጣጥፋ ራቅ ብላ ቆመች። ብሎንም መጣ፤ እጁን ግን ኪሱ ከቶ አላወጣም። እትዬ ወንበራቸውን ወደ ግቢው አስወጥተው ተቀምጠዋል። መምህሩ ረገጠ። ሞተሯ ሳል እንደያዘው ሰው ኩፍ አለችና ተወች። ደግሞ ረገጠ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ።

«ነዳጅ አነቃት» አሉ እትዬ፤ ሽታው ደርሷቸዋል። «ነዳጁን ዝጋ። ጋዙን እስከ መጨረሻው ክፈትና ብዙ ጊዜ ርገጥ፣ ትተንፍስ። ከዚያ አትቸኩልባት። ቀስ ብለህ ውረድ፣ እምቢ ስትልህ እዚያች ላይ ቁም፣ ከዚያ ባንዴ!»

እንዳሉት አደረገ። ፔዳሉን ቀስ እያለ ሲጫነው እውነትም አንድ ቦታ ላይ ከውስጥ የሚገፋ ነገር ተሰማው። ቆመ። ትንፋሹን ሰበሰበና በሙሉ ክብደቱ ወረደበት።

ግቢው ተናወጠ። ነጭ ጭስ ተግተለተለ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፣ ርግቦች ብር ብለው ተነሡ። ዱብ ዱብ ዱብ ዱብ! የዚያን ሁሉ ዘመን ዝምታ በአንድ ጊዜ የምትከፍል ትመስል ነበር። መምህሩ መሪውን እንደጨበጠ አፉን ከፍቶ ቀረ። ንዝረቱ በክንዱ ወጥቶ ደረቱ ውስጥ ገባ። ያቺ ፀጉር የምታህል ቀዳዳ፣ ያቺ ሰማያዊ ብልጭታ፣ ሣር ውስጥ የጠፋችው ሞላ፣ ሁሉም አሁን እዚህ ውስጥ ተገናኝተው ሕይወት ሆነዋል። እሱ ነው ያገናኛቸው። እሱ! ሚስቱ የታጠፈው እጇ መቼ እንደተፈታ ሳታውቀው አፏ ላይ ጭናዋለች።

የአጥሩ በር ተንኳኳና የማዶ ጎረቤታቸው አሮጊት በምርኩዝ ብቅ አሉ። ዓይናቸው ፈጧል።

«ማን ወለደች?» አሉ።

እትዬ ሳቁ፤ እየሳቁ ዕንባቸው ወረደ። አሮጊቷም ነገሩ ሲገባቸው አብረው ሳቁ። «ምን ላድርግ!» አሉ። «የኔዎቹ ሁሉ በዚህ ድምፅ ነው የመጡት።» ብሎንም አንገቱን ደፍቶ «እኔም እኮ» አለ።

እትዬ ተነሡ። ወደ ድምፁ ሄዱና መዳፋቸውን ታንከሯ ላይ አሳረፉ።

«ማሙሽ፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ዛሬ ሰው አለበት?»

«ቅዳሜ ነው፣ ባዶ ነው። ላንሸራሽርዎ?»

«አንተ ከኋላ ነህ።»

«ምን?» አለች ሚስቱ። «እትዬ! በፈጣሪ!»

«ሜዳ ነው እኮ፣ ልጄ። ሜዳ ውስጥ ምን አለ?»

ሞተሯን እየገፉ ወሰዷት። ሜዳው ሰፊ ነው፤ አጭር ሣር፣ ከማዶ አንድ ረጅም ግንብ። ተስማሙ፦ ቀኝ ትከሻቸውን መታ ካደረገ ወደ ቀኝ፣ ግራውን ከሆነ ወደ ግራ፣ ሁለቱን ከያዘ ማቆም። እትዬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወጡ። እግራቸው ማርሹን፣ ጣቶቻቸው ፍሪሲዮኑን ሳይፈልጉ አገኟቸው። ፍሪሲዮኑን በለቀቁት ጊዜ ሞተሯ ሳትንገጫገጭ እንደ ውኃ ተንሸራታ ተነሣች።

መጀመሪያ ትከሻቸውን ቶሎ ቶሎ ይነካቸው ነበር፤ እሳቸውም ይታዘዙታል። ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገቡ ግን ነፋሱ መጣ። የሻሻቸው ጫፍ ፊቱን ገረፈው። የእሳቸውን ወገብ ይዞ ከኋላ መቀመጥ ከልጅነቱ ወዲህ አልደረሰበትም። ጎንበስ ብሎ በትከሻቸው በኩል አያቸው፤ የማያዩት ዓይኖቻቸው ተከፍተው ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላሉ፣ ፊታቸው እንደ ልጃገረድ ፊት በርቷል። እንዲህ ያለ ፊት አይቶ አያውቅም። እያየ እሱ ያለበትን ረሳው፤ ትከሻውንም፣ ምልክቱንም፣ ግንቡንም።

ግንቡ ትዝ ሲለው ቀና አለ፤ ከፊታቸው ተደቅኗል። እጁን ሳያነሣ በፊት እትዬ ጋዙን ቀነሱ፣ ፍሬኑን ለስለስ አድርገው ያዙ፣ መሪውን በሰፊው አጠፉና ግንቡን ወደ ጎን ትተው ዞሩ።

«እንዴት አወቁ?» ብሎ ጮኸ።

«ድምጿ ግንቡ ላይ ነጥሮ ተመለሰልኝ» አሉ። «አንተ ደግሞ እዚያ ኋላ ተኝተሃል መሰለኝ!»

ከሜዳው ዳር ሚስቱና ብሎን ጎን ለጎን ቆመዋል። ሚስቱ ልትቆጣ ሮጣ ነበር የደረሰችው፤ አሁን ግን ጫማዋን አውልቃ ይዛ፣ ሣሩ ላይ በባዶ እግሯ ቆማ፣ ሁለቱን ሽማግሎች በዓይኗ ትከተላለች። ትንሽ ቆይታ እጇን ወደ ላይ አውጥታ አውለበለበችላቸው። መምህሩ ሚስቱ እንደምታውለበልብ በእህቱ ጆሮ ነገራቸው። እትዬ ከመሪው ላይ አንድ እጃቸውን አንሥተው፣ ሚስቱ ወዳለችበት አቅጣጫ ልክ ሆኖላቸው መልሰው አውለበለቡ፤ ከዚያም ሦስተኛ ማርሽ አስገቡ።