ባሕር ማዶ የተቀመጠ ድምፅ

ጌዲዮን በንፋስ መውጫ ከተማ፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ስልክ እየጠገነና ጽሑፍ እያተመ የሚተዳደር ወጣት ነበር። በ፳፻፰ ዓ.ም. በጋ፣ መሬታቸው ያለ ካሳ ለድንጋይ ማውጫ የተወሰደባቸውን ገበሬዎች እየዞረ ድምፃቸውን ይቀዳ ጀመር። ከእነርሱም አንዷ የክርስትና እናቱ ወይዘሮ ዓለሚቱ ነበሩ። ለወይዘሮዋ የቀራቸው አንድ የገብስ ማሳ ብቻ ሲሆን፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ደግሞ ነገሩን ለውጭ ሰው ያወራ የቀረውንም እንደሚያጣ በስብሰባ ላይ ተናግሮ ነበር። ስለዚህ ከመናገራቸው በፊት ጠየቁ።

«ድምፄን የት ልታኖረው ነው?»

«አየርላንድ በሚባል አገር ነው የሚቀመጠው፣ እናቴ። የእኛ መንግሥት እጅ እዚያ አይደርስም።»

«እኔ ደብረ ታቦርን ሳላልፍ ድምፄ ባሕር ሊሻገር ነው በለኛ!» ብለው ሳቁ። ከዚያም ሊቀ መንበሩ መሬታቸውን ለገዛ አማቹ እንዴት እንደሰጠ፣ ስም እየጠሩ ተናገሩ።

ጌዲዮን አልዋሸም፤ ድምፁ በእርግጥ በኢንተርኔት ባሕር ተሻግሮ ነበር። ነገር ግን ለመክፈቻው የምሥጢር ቃል ያስፈልገው ነበርና የክርስትና ስሙን መረጠ። ጌዲዮን የሚለው ስም በመታወቂያውም በንግድ ፈቃዱም ላይ ተጽፏል፤ የክርስትና ስሙ ግን በየትኛውም የመንግሥት ወረቀት ላይ የለም። ስለዚህ ወልደ ሩፋኤል ብሎ በላቲን ፊደል ጻፈ፤ ሩፋኤል ጳጉሜን ሦስት ስለሚውልም ሦስት ቁጥርን ጨመረበት። ስልኩንም፣ ባሕር ማዶ ያለውንም የሚከፍተው ይኸው ቃል ነበር።

በጋው ሳያልቅ ወሬው ወጣና ጌዲዮን ተያዘ። ቻላቸው የሚባል መርማሪ ስልኩን ይዞ ቃሉን ጠየቀው፤ እንቢ አለ። ቻላቸው የሱቁን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የስልክ ቁጥሩን ሁሉ ሞከረ፤ አልተከፈተለትም።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ስንቅ ይዘው ሄደው እንዳያዩት በተከለከሉ ጊዜ፣ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ተክለሃይማኖት ሄዱ።

«አባ፣ እሑድ ጌዲዮንን በጸሎት ያስቡልኝ።»

«ክርስትናው ማን ነበር?»

«ወልደ ሩፋኤል።»

«እንግዲያውስ ራሱ ሩፋኤል ያውጣው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ተክለሃይማኖት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ተዘከር እግዚኦ ገብረከ ወልደ ሩፋኤል፣ ዘሀሎ ውስተ ቤተ ሞቅሕ» አሉ። በእስር ቤት ያለውን አገልጋይህን አስብ ማለታቸው ነው። በዚያ ሳምንት ከደብሩ ልጆች የታሰረ ጌዲዮን ብቻ ነበር። ሕዝቡ አሜን አለ። ከወንዶቹ መካከል ነጠላውን አጣፍቶ የቆመው ቻላቸውም አሜን አለ።

በማግስቱ ወይዘሮ ዓለሚቱ ተጠሩ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ በገዛ ድምፃቸው ይናገር ነበር።

«እትየ ዓለሚቱ፣ ይህ የማን ድምፅ ነው?»

«አየርላንድ ነው ያለው ብሎኝ ነበር። በምን መጣ?»

ቻላቸው ሳቁን ዋጠ። «በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው የመጣው። እርስዎ አስጠሩት፣ አባ ጠሩት፣ እኔም አሜን አልኩ፤ የበዓሉን ቀን ሦስትን ብቻ ጨመርኩበት።»

ቻላቸው ወንበሩን አስጠጋ።

«እኔ ክፉ አልሻም። ጌዲዮን በይ ያለኝን ነው ያልኩት ብለው ይፈርሙ። የገብሱ ማሳ ይቀመጥልዎታል።»

«እሱስ?»

«በሐሰት ወሬ ይከሰሳል።»

ወይዘሮ ዓለሚቱ አውራ ጣታቸውን ዘረጉ። «የራሷ ቃል ነው፣ ማንም አላስተማራትም ብለህ ጻፍ። ከዚያ ቀለሙን አምጣ።»

ቻላቸው ጻፈ፤ አንብቦላቸውም አስፈረማቸው።

ጌዲዮን የሚከሰስበት በመጥፋቱ ተለቀቀ። የገብሱ ማሳ ግን ክረምቱ ሳይገባ ለሌላ ሰው ተለካ። ጌዲዮን በወይዘሮ ዓለሚቱ ደጃፍ አቀርቅሮ ቆመ።

«ቃሉን ቀይሬዋለሁ፣ እናቴ። ከፈለጉ ውጭ ያለውን ዛሬ አጠፋዋለሁ።»

«እነሱ የወሰዱትንም ታጠፋዋለህ?»

«እሱን አልችልም።»

«ታዲያ የእነሱ ተቀምጦ የእኛ ለምን ይጥፋ? ተወው። ሌሎቹ ግን ምን ያውቃሉ?»

«ምኑን?»

«ድምፃቸው መሰማቱን ነዋ! ዛሬም ባሕር ማዶ ነው ብለው አርፈው ተቀምጠዋል።»

ጌዲዮን ይህን አላሰበም ነበር። ወይዘሮ ዓለሚቱ በትራቸውን አንሥተው ወጡ፤ እርሱም ተከተላቸው። ወደ ቤተ ልሔም ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በመጀመሪያው ቤት፣ ድምፅዋን ያስቀዳች ደጊቱ የምትባል ጎረቤታቸው ጌሾ ስትወቅጥ አገኟት።

«ምነው በደኅና ነው?» አለች።

«ውሻሽን ያዢና እንግባ፤» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ፤ «ይህ ልጅ የሚነግርሽ ነገር አለው።»