ተጫኚኝ፣ እማዬ

ላሪሳ በሩሲያዋ ፔርም ከተማ ትራም ነጂ ናት። ልጇ ኡስቲንያ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በበረዶ ላይ ሸርተቴ ትወዳደራለች። አሠልጣኟ ኤማ ጌንሪሆቭና፣ «እንደ እንቁራሪት በደረቷ ተኝታ ጉልበቷን ስትከፍት፣ ከላይ ይጫኗት። ጅማቷ ካልላላ እግሯን ከኋላ እስከ አናቷ አንሥታ መሽከርከር አትችልም» ብለው ላሪሳን አዘዋት ነበር።

አንድ ቀን ስትጫናት የልጅቷ ዳሌ ቋ አለ።

«ምንም አይደል፣ እማዬ! ተጫኚኝ!»

ላሪሳ ብድግ ብላ በረንዳ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አንዴ ሾርባው አረረ፣ አንዴ ስልክ ተደወለ እያለች ትሸሽ ጀመር። አሠልጣኟ ሲጠይቋት ግን «በየቀኑ እጫናታለሁ» አለች። ውሸቱ እረፍት ነሳት። ትራሙን ስትነዳ ፌርማታ ዘልላ አለፈች፤ ተሳፋሪው ጮኸባት።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብላ ስትመለስ፣ የላሪሳ አባት ፕሮኮር የልጅ ልጁ ወገብ ላይ ተቀምጦ፣ ሱፍ እየቆረጠመ በቴሌቪዥን ሆኪ ያያል።

«አባዬ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ሶፋው እኮ ተቀመጥብኝ ብሎ አይለምነኝም፤ እሷ ትለምነኛለች።»

«አንቺ እምቢ ስትዪ ምን ላድርግ?» አለች ኡስቲንያ፣ ጉንጯ ምንጣፍ ላይ እንደተጣበቀ።

«አጥንትሽ ሲጮህ ሰምቻለሁ!»

«አጥንቱ የኔ ነው!»

በማግስቱ ላሪሳ ልጇን ይዛ ኤማ ጌንሪሆቭና ዘንድ ሄደች። «ዋሽቼዎታለሁ፤ መጫኑን ከተውኩት ቆየሁ» አለች። ሴትየዋ ልጅቷን አስተኝተው እግሯን ቀስ አድርገው አነሡ፤ ዳሌዋን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ደግመው ዳሰሱ።

«ጅማት ቢሆን ይላላ ነበር። ይሄ የአጥንቷ አፈጣጠር ነው፤ ማንም ቢጫናት ከዚህ አያልፍም። ቀድሜ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ያንን ሽክርክሪት እንተወው፣ ዝላይ ላይ እንበርታ።»

ኡስቲንያ እዚያ አላለቀሰችም። በትራም ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ግንባሯን የትራሙ መስኮት ላይ አስደግፋ እግሯን ታርገፈግፍ ጀመር።

«ደስ አለሽ አይደል?»

ላሪሳ «አይደለም» ልትል ነበር። «አዎ» አለች።

ልጅቷ ተነሥታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

በጸደይ ያለዚያ ሽክርክሪት ተወዳደረች፤ ስድስተኛ ወጣች። ዝላዮቿን አንዱንም አልሳተችም። የጫማዋን ክር ያሰረላት አያቷ ነበር፤ እናቷ «ልሰርልሽ» ብትላትም እስካሁን እሺ አላለቻትም።