ቅቤ የሌለው ዓሣ

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ባሌ አቢሶ ጆበርግ ዳር ኦሬንጅ ፋርም ያለችው ስፓዛ ሱቃችን ውስጥ ልቡ ቀጥ ብሎ ሲወድቅ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟም «ቅቤና ቅባት ካልተወ በሚቀጥለው አይተርፍም» ያለችው እኔን ነው። ታዲያ ምን አድርጌ ነው ባሏን በረሃብ የምትቀጣ የተባልኩት?

እኛ የግድቾ ሰዎች ነን፤ አባያ ሐይቅ መሀል ካለችው ደሴት። ለደሴት ልጅ ዓሣ ያለ ቅቤ ማቅረብ ከስድብ ይቆጠራል፤ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን እዚሁ ጆበርግ ተወልዳ ያደገችው ልጄ ፊቤ ከስልኳ እያነበበች፣ እኔ እየቀመስኩ፣ የአገራችንን ምግብ እንደ አዲስ ተማርነው። ዓሣውን በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በኮሰረት ቀቀልነው። ፎሰሴ የምንለውን፣ በሽፈራው ቅጠል የሚሠራውን የበቆሎ ድብልብል፣ ጠብታ ዘይት ብቻ ጣል አድርገንበት አወጣነው። ስንቴ አልጥም ብሎኝ ደፋሁት መሰላችሁ። በመጨረሻ ልክ ገባልኝ። አቢሶም በበላ ቁጥር «ይጣፍጣል» ይለኛል። እኔ ሞኟ በለጥሽ ደግሞ አምናለሁ።

ነገሩን ያመጣችው ታላቅ እህቱ ደስታነሽ ናት። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከቮስሎሩስ ድረስ በታክሲ እየመጣች ገና ሳትቀመጥ ድስቴን ትከፍታለች። «ጴንጤ ሆነን ጾም ጀመርን እንዴ?» ትለኛለች። አልበቃትም፤ ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሁሉ «ወንድሜ የጎን አጥንቱ ተቆጠረ» ብላ አወራች። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ሰላም ሲሉኝ እንኳ ፊታቸውን አዙረው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የምስጋና ጸሎት ብለን ሰው ጠራን። በእኛ ደንብ ከሕመም የተነሣ ሰው ጠይቀውት ከነበሩት ጋር ይቀመጥና እሱ ቀድሞ ይጎርሳል። እኔም ያንኑ ዓሣዬን ሠራሁ፤ አልደበቅኩም፣ አላፈርኩም። ለየሰው በየሳህኑ አቀረብኩና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ዱካሞ ጸሎት ጀመሩ። ጋሽ ዱካሞ ከጀመሩ ደግሞ መጨረሻ የላቸውም፤ ሁላችን ዓይናችንን እንደ ጨፈንን ሌባ ቢገባ ቤቱን ጠርጎ ይወጣል።

«አሜን» ብዬ ዓይኔን ስገልጥ የቅቤ ሽታ አፍንጫዬን መታው። አቢሶ ሳህን ላይ የቀለጠ ቅቤ ተንጣሎ፣ ደስታነሽ ደግሞ ትንሽ ፔርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች። እኛ አምላክን ስለ ዕድሜው ስንለምን እሷ ታፈስሳለች።

አቢሶ እጁን ሲሰድ ሳህኑን ከፊቱ አነሣሁት። በእንግዳ ፊት የባልን ሳህን ማንሣት ምን እንደሚያስብል የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ሚስትህ ካፍህ ስትነጥቅህ ዝም ትላለህ?» አለች ደስታነሽ።

«እትዬ፣ ለመቅበር ከቸኮልሽ በግልጽ ንገሪኝ» አልኳት።

አቢሶ አንገቱን ደፋ። «እሷን ተያት። አምጪልኝ ያልኳት እኔ ነኝ» አለ።

ደሜ ፈላ። «ታዲያ በየቀኑ ይጣፍጣል የምትለኝ ልትሸነግለኝ ነው? እኔስ ቅቤ የማልወድ መስሎህ ነው ካንተ ጋር እኩል የተውኩት?»

«ይጣፍጣል፤ አልዋሸሁሽም» አለኝ። «ግን እሱን በጎረስኩ ቁጥር ልሞት መሆኔ ትዝ ይለኛል። ቅቤ ከቀመስኩ ድሮ የነበርኩትን ሰው የምሆን ይመስለኛል። ፈርቻለሁ፣ በለጥሽ።»

«ፈርተህ ነው ለእህትህ የነገርከው? እኔ አጠገብህ ተኝቼ ትንፋሽህን ስሰማ የማድረው ምን ሆኜ ይመስልሃል?» አልኩት። እንባዬ መጣ፤ መምጣቱ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

ደስታነሽ ከወንበሯ ተነሣችና ሳህኑን ከእጄ ወሰደችው። መልሳ ልትሰጠው ነው ብዬ ስጠብቅ ወደ ማዕድ ቤት ገባች። የቧንቧ ውኃ ሲወርድ ሰማን። ቆይታ ስትመለስ ዓሣው በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ታሽቶ፣ ነጭ ሆኗል። ወንድሟ ፊት አስቀመጠችለት።

«ብላ» አለችው።

ቲማቲሜን፣ ነጭ ሽንኩርቴን፣ ኮሰረቴን፣ ያን ሁሉ ድካሜን ከቅቤው ጋር አብራ አጥባ ለቧንቧ ሰጠችው። ይህን ሳስበው ዛሬም ያበግነኛል። አቢሶ ግን ያንን ጣዕም የሌለው ዓሣ፣ ሁላችን እያየነው፣ እስከ አጥንቱ በላው።