ድምፅ ማጉያው ያላሰማው

«ጣል እንጂ ፍሼ! የያዝከው እኮ የመጫወቻ ካርታ ነው፣ የቤት ካርታ አይደለም» አለው ኃይለሚካኤል።

ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ለቅሶ ቤት የሚሳቀው ዓይነት፣ አፍ በጋቢ ተሸፍኖ። ፍሰሐ ጣለ። የቱን ካርታ እንደጣለ ራሱም አላየው። ኃይለሚካኤል ይህን ቀልድ ከመቀለዱ በፊት ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ሌላ ነገር ሹክ ብሎት ነበር።

«ቦታው ክፍት ነው። ከአርባው በኋላ ና።»

ኃይለሚካኤል የጸዳል ባንድ መሪ ነው። በጃንሆይ ጊዜም መሪ ነበር፣ አብዮቱ መጥቶ ሆቴሉ ሲወረስም መሪ ሆኖ ቀጠለ፤ ዘመን ሲገለበጥ አብሮ የማይገለበጥ ሰው ነው። ትናንት ልደታ የተቀበረው ገብረየሱስ ደግሞ የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር። ከገብረየሱስ በፊት ያንን ቤዝ የሚጫወተው ፍሰሐ ነበር። ዛሬ ፍሰሐ ሰንጋ ተራ ጎማ ይለጥፋል። አሥር ዓመት ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ አንድ ቀን መጥቶ «ተመለስ» የሚለውን ሰው ሲጠብቅ ኖሯል። ሰውየው መጣ፤ ግን በለቅሶ ድንኳን መጣ።

ደስ አለው። ደስ ስላለው አፈረ። ማፈሩ ደግሞ አናደደው። «እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት?» አለ በሆዱ።

«ፍሰሐ፣ አንዴ ወዲህ» የሚል ድምፅ ከጓዳ ጠራው። የሟች ሚስት ኮከቤ ናት። ፀጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ድምፅዋ ከጩኸት ብዛት ተዘግቷል።

«ወንድሜ፣ አንተን ውለታ የምጠይቅበት ፊት የለኝም። ግን ልጄን ደጉን አስገባልኝ።»

«የት ነው የማስገባው?»

«ባንዱ ውስጥ ነዋ! በአባቱ ቦታ። ማትሪክ አልመጣለትም። ቀበሌው ለአዲሱ ዙር ዘማች እየመዘገበ ነው። የጎረቤቴን የመሪማን ልጅ ከዳቦ ሰልፍ ላይ ነው አፍሰው የወሰዱት፤ እስከዛሬ ወሬው የለም። ሥራ የያዘውን ያልፉታል። የሆቴሉን መታወቂያ ኪሱ ቢከት አይነኩብኝም። ኃይለሚካኤልን ለመንኩት፤ ‹መጫወት ከቻለ አያለሁ› አለኝ። አስተምርልኝ። አባቱን ያስተማርከው አንተ አይደለህ?»

አሥር ዓመት ማንም ይህን ቃል ተናግሮለት አያውቅም። «እሺ» አለ አፉ፣ ልቡን ሳያማክር። ወደ ካርታው ሲመለስ ነው ሒሳቡ የገባው፤ ቦታው አንድ ነው፣ ፈላጊው ሁለት።

በፍሰሐ የጉርምስና ዘመን ጸዳል ባንድ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆቴሉ አዳራሽ ይጫወት ነበር። የመግቢያው ዋጋ ለእነ ፍሰሐ ዓይነቱ አይቀመስም። እሱና ገብረየሱስ ከልደታ በእግራቸው ይሄዱና የሆቴሉ ግንብ ላይ ይለጠፋሉ። ቤልቦተም ሱሪ ለሁለት አንድ ነበራቸው፤ አንድ እሑድ ፍሰሐ፣ አንድ እሑድ ገብረየሱስ ይለብሰዋል። የሰፈሩ ጎረምሳና ኮረዳ ሁሉ እዚያው ነው። ያ ግንብ የሚገርም ጠባይ ነበረው። ዘፋኙን አያሳልፍም፣ ጡሩምባውን አያሳልፍም፤ ቤዙን ግን ያሳልፋል። ጆሮህን ድንጋዩ ላይ ስታስደግፍ ድም፣ ድድም እያለ በጥርስህ በኩል ደረትህ ይገባል። ቃሉን ስለማይሰሙት እያንዳንዱ የራሱን ቃል ያስገባበት ነበር። ገብረየሱስ ለአንዲት የዳቦ ቤት ልጅ ስንት ግጥም ገጠመ! ያቺ የዳቦ ቤት ልጅ ይህችው ኮከቤ ናት።

ከጊዜ በኋላ ፍሰሐ በዕቃ ተሸካሚነት በጓሮ በር ባንዱ ውስጥ ገባ። የቤዙ ሰው ሲሄድ ቤዙን ያዘ። ገብረየሱስን ያስገባውም፣ ጣቱን እየያዘ ክር ላይ ያሳረፈለትም እሱ ነው። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ሆቴሉ የመንግሥት ሆነና «ሙዚቀኛ ኖታ ያንብብ» ተብሎ ፈተና መጣ። ኃይለሚካኤል በሰው ፊት «ፍሼ የሚጫወተው በጆሮው ነው» አለ፤ በእግሩ ይበላል እንደማለት አድርጎ። ገብረየሱስ የኖታ ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ቀና አላለም። ፍሰሐ የማይረሳው እሱን ነው። ሌላው ቢቀር ቀና ይባላል።

ፍሰሐ ተባሮ ቤዙ ለገብረየሱስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ገብረየሱስ ሰንጋ ተራ ይመጣና ከመንገዱ ማዶ ይቆማል። ፍሰሐ ሲያየው መኪና ሥር ይገባል። ዘንድሮም ገብቶ ነበር።

በሠልስቱ ጠዋት ልጁን ከድንኳኑ ጀርባ አገኘው። ደጉ ረጅም ነው፣ ከንፈሩ ላይ ገና ጥላ የመሰለ ጢም አለው።

«እናትህ ቤዝ አስተምረው ብላኛለች።»

«ነግራኛለች።»

«ትፈልጋለህ?»

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት?»

«ሌላ ምን ልትነግረኝ ነው?»

«ጀለሶቼ ቢሰሙ መሳቂያ ነው የምሆነው። ጸዳል የፋዘሮች ነገር ነው።»

«አራዳ ነን ባዮች!» አለ ፍሰሐ። «በናንተ ዕድሜ ይኼን ባንድ ለመስማት ግንብ ስንልስ ነበር። እናንተ ከውጭ የመጣ ካሴት እየሰማችሁ፣ ቋንቋው ሳይገባችሁ አንገታችሁን ትነቀንቃላችሁ።»

«እናንተም ቃሉን አትሰሙም ነበር ይላል አባባ።»

ልጁ መሬት መሬቱን እያየ ቀጠለ።

«እኔ ጸዳልን የማውቀው በሰልፍ ነው፣ ጋሼ። ከትምህርት ቤት አሰልፈው፣ ከሜክሲኮ በእግር አብዮት አደባባይ ይወስዱናል። ፀሐይ ላይ ስንቆም እንውላለን። ሴት ልጅ ራሷን ስታ ትወድቃለች። ከዚያ ንግግሩ አልቆ ‹ጸዳል ባንድ!› ይባላል። እስከዛሬ ያ ዘፈን ሲጀምር እግሬን ነው የሚያመኝ። ቤት ደግሞ አባባ ሰዓት እላፊው ሲያበቃ ጠዋት ይገባል፣ ይተኛል። እማዬ ‹ዝም በል፣ አባትህ ተኝቷል› ነው ሥራዋ። ሬዲዮ አይከፈት፣ በር አይንኳኳ። ለኔ ጸዳል ማለት ዝም ማለት ነው። የሞተ ቀን እንኳ ተኝቷል ብለን እስከ ከሰዓት ድረስ ዝም ብለን ነበር። እኔ በእግሬ ጣት ነበር የምሄደው።»

ፍሰሐ እጁን አነሳ፤ ትከሻው ላይ ሊያሳርፈው ፈልጎ መልሶ ኪሱ ከተተው። ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ግን አንድ ቀላል ነገር ውስጡ ነበር። ልጁ አይፈልግም። ያልፈለገውን ቦታ ቢወስድ ማን ይወቅሰዋል?

ከሰዓት ላይ ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል ኦልጅራ የሚባለው የቀበሌው አብዮት ጥበቃ መጣ። እንደ ለቀስተኛ ቆቡን አውልቆ «ያጽናችሁ» አለ። ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ ተቀመጠ። ንፍሮ ቀረበለት፤ ዘገነ። ደጉ ውሃ ሊሰጠው ጎንበስ ሲል ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ደርሷል እኮ ይኼ ልጅ! ስንት ዓመቱ ነው?»

ካርታው ቆመ። የሰው ሁሉ መንጋጋ ቆመ።

«ሥራ ሊገባ ነው!» አለች ኮከቤ ከውስጥ፣ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ። «ሆቴሉ ሊቀጥረው ነው፣ በአባቱ ቦታ።»

«ጥሩ ነው። መታወቂያውን ሲይዝ ያሳየን» አለ ኦልጅራ፤ ደግሞ ዘገነ። ለቅሶ የመጣ ሰው ነውና ማንም ምንም አላለውም።

ሲወጣ ደጉ ውሃውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወደ ፍሰሐ ዞረ። «ጋሼ፣ ያሳዩኝ» አለ።

በለቅሶ ቤት ሙዚቃ የሚባል ነገር አይነካም። የገብረየሱስ ቴፕ ጥቁር ጨርቅ ተጥሎበታል፣ ሬዲዮኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ ዞሯል። ቤዙ ግን አልጋ ሥር ነበር። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ፣ ሴቶቹ ሳሎን እንግዳ ሲቀበሉ፣ ፍሰሐና ልጁ ጓዳ ገቡ። ኤሌክትሪክ ያልተሰካ ቤዝ ጊታር የሚያወጣው ድምፅ ከዝንብ አይበልጥም።

«አገጭህን እዚህ አስደግፍ» አለው ፍሰሐ፣ የጊታሩን ትከሻ እያሳየው። «እንጨቱ ላይ። ጫን አድርግ።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ አስደገፈ። ፍሰሐ ጣቶቹ ጎማ ሲለጥፉ ደንድነዋል፤ ቢሆንም መንገዱን አልረሱም። አንዱን የድሮ ዘፈን ከመጀመሪያው ጀመረ። የልጁ ዓይን ፈጠጠ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተከደነ።

«ይኼ የትኛው ነው?»

«የአደባባዩ ነዋ። እግርህን የሚያምህ።»

«አይደለም! የአደባባዩማ እንዲህ አይደለም።»

«እሱ ነው። ድሮ ግጥሙ ላይ ሴት ነበረችበት፤ ሴቲቱን አውጥተው አብዮቱን አስገቡበት እንጂ ዜማው ያው ነው።»

«ይኼ ግን… ይኼ ከሥር የሚሄደው የለበትም።»

ፍሰሐ እጁን ክሩ ላይ እንዳሳረፈ ቀረ። ምሰሶ ላይ የሚሰቀሉት የአደባባዩ ድምፅ ማጉያዎች ታወሱት። ያ ቆርቆሮ ጩኸትና ጡሩምባ ነው የሚያወጣው፤ ወፍራሙን ድምፅ ይውጠዋል። ግንቡ ለነሱ ቤዙን ብቻ አሳለፈላቸው፤ ቆርቆሮው ከነዚህ ልጆች ቤዙን ብቻ አስቀረባቸው። ይኼ ልጅ አባቱ መድረክ ላይ ቆሞ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ስንት ጊዜ አይቷል!

«አየኸው እንጂ አልሰማኸውም» አለው። «አባትህን አንድ ቀን ሰምተኸው አታውቅም።»

ልጁ አገጩን ከእንጨቱ አላነሳም። «ይድገሙት» አለ።

ደገመው። በዚህ መሐል በሩ ብርግድ አለና የሟች እህት እትዬ ጠጅቱ ገቡ።

«እናንተ! አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ! በወንድሜ ለቅሶ ዘፈን!»

«እትዬ ጠጅቱ፣ ምን ሰሙ?»

ጆሮአቸውን ጣል አደረጉ። «ምንም።»

«ታዲያ?»

«ምንም ባልሰማም ነውር ነው!» አሉ። ልጁን አዩት፤ በጉንጩ የሚወርደውን እንባ አዩ። በሩን ራሳቸው ከውጭ ዘጉት። ወዲያው ሳሎን ውስጥ «ወንድሜ ወንድሜ» የሚለው ሙሿቸው ከቅድሙ እጥፍ ከፍ ብሎ ተሰማ፤ ለቀስተኛው ጓዳውን እንዳያዳምጥ።

«አሁን በኖታ ያሳዩኝ» አለ ደጉ፣ ፊቱን በነጠላው ጠርጎ።

«ኖታ አላውቅም» አለ ፍሰሐ፤ ቁስሉን የተነካ ያህል። «ያባረሩኝ ለዚያ ነው። ኖታ የሚያውቀው አባትህ ነው።»

«አባባ? አባባ ኖታ አያነብም ነበር እኮ።»

«ምን?»

«እማዬ ነግራኛለች። ለፈተናው የመጣውን ዜማ አንድ ሰው አስቀድሞ ተጫውቶለት፣ በጆሮው ሸምድዶ ነው የገባው። ወረቀቱን ፊቱ ይዘረጋዋል እንጂ፤ ‹ቀና ብዬ ፍሰሐን ካየሁ ይጠፋብኛል› ብሎ ዓይኑን እዚያ ላይ ተክሎ ቀረ። ከተባረርኩ ልጄን ምን አበላዋለሁ ይል ነበር አለች።»

ፍሰሐ ጊታሩን ፍራሹ ላይ አስተኝቶ ወጣ። ሰንጋ ተራ እስኪደርስ ለራሱ እየጮኸ ሄደ። «ሌባ! አሥር ዓመት!» መንገደኛው ዞር እያለ አየው። የጎማ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ቆመ። አንዴ ሰምቶ ሙሉ ዘፈን የሚይዝ ጆሮ ገብረየሱስ ከየት አመጣው? ግንቡ ሥር «ይኼን ስማ፣ አሁን ደግመህ በለው» እያለ ያሠለጠነው ማን ነው? መንግሥትን ያህል ፈታኝ ያታለለው በፍሰሐ ጆሮ ነው። ሳቁ ሳያስበው አመለጠው፤ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ እየሳቀ አለቀሰ። ከዚያ ደግሞ በእንቁጣጣሽ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ የነበረው ሰው ምን ሊለው እንደመጣ አሰበ፤ አሁን የሚጠየቅ የለም።

በማግስቱ ተመለሰ። ከዚያም አንድም ቀን አልቀረም። እንግዳ ሳሎን «እግዜር ያጽናሽ» እያለ ሲወጣና ሲገባ፣ ጓዳ ውስጥ ልጁ አገጩን አስደግፎ ይለማመዳል። ዘፈኖቹን ያዘ። አንዳንዴ ከነዚያ ካሴቶቹ የለመደውን ዘለል የሚል ምት ያስገባበታል። ፍሰሐ መጀመሪያ «ምን ያዘልልሃል? ፍየል ነህ?» ብሎ ተቆጣ። በኋላ ሲያዳምጠው ግንቡ ሥር የቆመ ጎረምሳ ቢሰማው አንገቱን የሚነቀንቅበት ዓይነት ሆኖ አገኘው፤ መቆጣቱን ተወ።

አርባው ሲቃረብ ኃይለሚካኤል መጣ፤ ፍሰሐን ደጅ ጠራው።

«ታዲያስ ፍሼ? ሱፍህን አሳጥብ። የኖታው ጉዳይም አሁን ረገብ ብሏል።»

«ልጁን ውሰድ» አለ ፍሰሐ።

«ልጁን? ቀልዱን ተወው። ቤዝ ነው የሚያስፈልገኝ።»

«አርባው ባለፈ ማግስት ስማው። ካልሆነልህ የዚያን ጊዜ ትመልሰዋለህ። ግን ዓይንህን ጨፍነህ ስማ።»

«አንተስ?»

ፍሰሐ ሊመልስ አፉን ከፈተ። «ቦታው የኔ ነበር» ሊል ነበር፤ «ኖታው ረገብ ያለው መቼ ነው? ለምን አልነገርከኝም?» ሊልም ነበር። አሥር ዓመት ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። «እኔማ ሥራ አለኝ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ደጉ ጓዳ ቁጭ ብሎ እየጠበቀው ነበር። ፍሰሐ ከኪሱ አዲስ ምላጭ አውጥቶ ወረቀቱን ፈታ።

«ግራ እጅህን አምጣ። በዚህ ጥፍር ክሩ አይያዝልህም።»

«እትዬ ጠጅቱ በሐዘን ጥፍር አይቆረጥም ይላሉ።»

«እሳቸው አሁን ጸሎት ላይ ናቸው። አምጣ።»

ልጁ እጁን ሰጠው። ፍሰሐ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ከአውራ ጣቱ ጀመረ። ቀጥሎ ሌባ ጣቱን፣ ቀጥሎ የመሐሉን፣ የቀለበት ጣቱን፤ እየቆረጠ ፍርፋሪውን በመዳፉ ሰበሰበ። ትንሿ ጣት ላይ ሲደርስ ቆመ። ጫፏ ወደ ውስጥ ትታጠፋለች፤ የገብረየሱስም እንዲሁ ነበረች፣ ክር ላይ አልደርስ እያለች መጀመሪያ ሰሞን ስንቴ በእጁ ስቦ ያቃናት ነበር። በሁለት ጣቱ ያዛት። ምላጩን አስጠጋ፤ መልሶ አራቀው።

«አትንቀሳቀስ» አለ።

ልጁ አልተንቀሳቀሰም ነበር።