አናርካን የደበቀችው ቡችላ

አናርካን «ለማየት ብቻ ነው የምሄደው» ብላ ከቤት ስትወጣ፣ ባሏ ሳታር ከጫማው ላይ ጭቃ እየፋቀ ሳቀባት። ቡችላ ለማየት ብቻ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው በናሪን ሸለቆ እስካሁን አልታየም። እሷም ታውቀዋለች። አመሏ ሆኖ ግን መጀመሪያ ራሷን ካልዋሸች እግሯ አይነሳም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሳምንት ቆይተው በጎቹን ወደ ተራራው ግጦሽ ያወጣሉ፤ እላይ ደግሞ ተኩላ አለ። ያላቸው ውሻ አንድ ነው። ጭራው በቡችላነቱ ስለተቆረጠ ቾሎክ አሉት፤ ቆራጣው እንደማለት። ዕድሜው አሥራ ሦስት ነው፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ጆሮው ጨርሶ ደንቁሯል። አጠገቡ ድስት ቢወድቅ አይነቃም። ሳታር «ሽማግሌው በሕይወት እያለ ቡችላ እንያዝ፣ ሥራውን ያስተምረው» እያለ ስንት ወር ነዘነዛት። ልክ ነው፤ ማን ልክ አይደለም አለ? ልክ የሆነ ነገር ሁሉ ግን ልብ አይሞላም።

አናርካንን ቀስፎ የያዛት አንድ ነገር ነው። በአገሯ «ጥሩ ውሻ ሬሳውን ለጌታው አያሳይም» ይባላል። ቀኑ መድረሱን ሲያውቅ ማንም ሳያየው ወደ ተራራው ወጥቶ በዚያው ይቀራል። የአባቷ ውሻ የሄደው እንዲያ ነው፤ ያውም አባቷ ቡችላ ይዘው በገቡ በሳምንቱ። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሦስት ቀን ፈልጋ አጥንቱን እንኳ አላገኘችም። ታዲያ ቾሎክም ተተኪውን ሲያይ «በቃህ ተባልኩ» ብሎ ይሄድ ይሆን? ውሻ ይህን ያህል ያውቃል? ጥያቄው ሲከነክናት ከረመ። አንዳንዴ ሥራዋን ትታ ፊት ለፊቱ ቁጭ ትልና ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። እሱም መልሶ ያያታል። ማን ማንን እንደሚያጠና እንጃ።

የጎረቤታቸው የሸራሊ ውሻ አምስት ወልዳለች። እዚያ አገር ቡችላ በመልኩ አይመረጥም። ቡችሎቹን ከማደሪያቸው ራቅ አድርገው ይደረድሯቸውና እናትየዋን ይለቋታል፤ መጀመሪያ አንገቱን ነክሳ ጎትታ የምትመልሰው እሱ ነው ምርጡ። አናርካን ይህን ለማየት ቆመች። እናትየዋ አምስቱንም አሽትታ አለፈችና መጨረሻ ላይ ተመልሳ አንዱን ግራጫ አንጠለጠለች። ለምን እሱን? ምን አሸተተችበት? አናርካን ተንበርክካ እሷም አሸተተችው፤ የወተት ሽታ ብቻ ነው።

ሸራሊ እየሳቀ፣ «እትዬ አናርካን፣ ይዘውት ይሂዱ» አላት። «ሽማግሌው ከጠላው ይመልሱልኛል።»

እንግዲህ ስህተቷ እዚህ ላይ ነው። ቾሎክ እንዳያይ ብላ ቡችላውን ካፖርቷ ውስጥ ሸሸገችው። በጓሮ ዞራ ድርቆሽ ቤት አስገብታ ዘጋችበት፤ እሱም እግረ መንገዱን ደረቷ ላይ ሸንቶባታል። ካፖርቱን ሰቀለች፣ የቡችላው ሽታ እንዲጠፋ እጇን እስከ ክርኗ በአጓት ታጠበች፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ወደ ቾሎክ ሄደች። ቾሎክ እጇን ረጅም ጊዜ አሸተተ። ወደ ድርቆሽ ቤቱ አየ። እሷን አየ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ።

«የደነቆረው ጆሮው ነው፤ አፍንጫው አይደለም» አላት ሳታር።

ሦስት ቀን እንዲህ ዋለች፤ ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ። እሷ ለቡችላው ወተት ይዛ በሄደች ቁጥር ቾሎክ ፊቱን ወደ ተራራው ያዞራል። ተቀይሞ ነው? አፍሮላት ነው? ወይስ መንገዱን እያየ ነው? 

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ማለዳ ዞሮ የሚመለስበት ሰዓት ካለፈ በኋላም የቾሎክ መተኛ ባዶ ነበር። ምግቡንም አልነካውም።

አናርካን «በገዛ እጄ አባረርኩት» አለች። በሁሉም ነገር የሚቀልደው ሳታር አልቀለደም፤ ዱላውን ብቻ አነሳ። እሷ ግን ቅድሚያ ቡችላውን ለሸራሊ ልትመልስ፣ ዓይኑን ማየት እንኳ ጠልታ ወደ ድርቆሽ ቤቱ ሄደች። የበሩ ሥር ከውጭ ተቆፍሯል። ቡችላው የለም።

ደነገጠች። ቾሎክ በልቶት ይሆን? ደም የለም። በረዶው ገና ቀልጦ ምድሩ ጭቃ ነበርና ኮቴው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የትልቁ ውሻ፣ የኋላ ግራ እግሩን የሚጎትተው። በመካከሉ ደግሞ እዚህም እዚያም የሚረግጥ ትንንሽ ኮቴ።

ባልና ሚስት ተከትለው ሄዱ። ኮቴው የበጎቹን ጋጣ ዞረ፤ በየማዕዘኑ ቆሟል። ወደ ወንዙ መሻገሪያ ወረደ፣ እዚያም ቆሟል። ከዚያ የመንደሩን መቃብር አልፎ ወደ ጉብታው ወጣ። አናርካን ያኔ ገባት፤ ቾሎክ በየማለዳው ጠፍቶ የሚመጣበት ዙር ነው። አሥራ ሦስት ዓመት አብራው ኖራ እስከዚህ ድረስ እንደሚደርስ አታውቅም ነበር። ስለ ራሷ ቤት ጠባቂ ይህን አለማወቋ አሳፈራት።

ጉብታው ላይ ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። «ቾሎክ!» ብላ ተጣራች። ቾሎክ መቼ ሊሰማ። ቡችላው ግን ዞረ፤ ይሄኔ ዓይኑን ከቡችላው ያልነቀለው ቾሎክ እሱም ዞረ።

አጋጣሚ መሰላት። ከድንጋይ ጀርባ ተደብቃ ሳታርን «ወዲያ ማዶ ሄደህ አጨብጭብ» አለችው። አጨበጨበ። የቡችላው ራስ ወደ ሳታር፣ የቾሎክም ተከትሎ ወደ ሳታር። እሷ አፏጨች፤ ቡችላው ወደ እሷ፣ ቾሎክም ወደ እሷ። ሦስቴ ሞከሩት። የሚያዩትን ማመን አቅቷቸው አራተኛ ሞከሩት። ከዚያ አናርካን ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ደስታ ነው፣ እፎይታ ነው፣ ትንሽም ቅናት አለበት።

ቁልቁል ሲወርዱ ቡችላው ሮጦ ይቀድማል፣ ቆሞም ሽማግሌውን ይጠብቃል። ሳታር ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ሸራሊን ምን ልበለው? ወሰድነው ልበል?»

«እኔን አትጠይቀኝ» አለችው ዓይኗን እየጠረገች። «የወሰደው ቾሎክ ነው። እኔማ ደብቄው ነበር።»