የጋሼ ሷሊሕ ሰዓት ብርቱካናማ ፊት

ሰው ሥራዬ ውስጥ ሲገባብኝ ደሜ ይፈላል። ጣቱን መስታወት ላይ የሚያሳርፈውን፣ "ቶሎ በል" የሚለኝን ሁሉ አልምርም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ረድዋን ሰዓት ሠሪው እጁ ወርቅ፣ አፉ እሳት ነው ይሉኛል። አፌስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። ዛሬ የማወራው በእጄ ስለሠራሁት ነው።

ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ አርባ አዳዲስ የሰዓት ፊት አስመጣሁ። ፊት የምንለው ከመስታወቱ ሥር ያለውን፣ ሰዓት የሚነበብበትን ስስ ክብ ቆርቆሮ ነው። ያቺ ባትሪ የማትፈልገው፣ በጣት እየተጠመዘዘች የምትሞላው ርካሽ ሰዓት ድሮ ፊቷ ወይ ነጭ ወይ ጥቁር ነበር። አሁን ቀይ መጣ፣ እንደ ማሾ ቅጠል የለመለመ አረንጓዴ መጣ፣ ብርቱካናማ መጣ። ሞተሯ ያው ሆኖ ፊቷ ብቻ ሲቀየር አዲስ ትመስላለች። እኔ እንደ ጉድ ደስ ብሎኝ መስኮቴ ላይ ደረደርኳቸው። ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው አልገዛኝም። "የልጅ መጫወቻ ነው" እያሉ ያልፋሉ፣ እኔም ውስጤ ይቃጠላል።

ጋሼ ሷሊሕ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ከሮቢ ወንዝ የሚጠለፈው ቦያችን የውኃ አባት ናቸው፤ ማን በስንት ሰዓት ሽንኩርቱን እንደሚያጠጣ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው፣ ሃያ ሁለት ዓመት። ሰዓታቸው ቆማባቸዋለች።

"አቧራዋን አራግፍልኝና ትሂድልኝ" አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም።

ከፍቼ አጸዳሁት። ፊቷ ቢጫ ሆኗል፣ አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ በመርፌ የተጫረ መስመር አለበት። ማን አበላሸው ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ሠላሳ ገበሬ በየቀኑ የሚያየው የኚህን ሰውዬ ክንድ ነው፤ ብርቱካናማው እዚያ ላይ ከታየ ገበያዬ ደራ ማለት ነው። ሳልጠይቃቸው ቀየርኩት። አሮጌውን ፊት የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ፣ ከትርፍራፊው ጋር ጣልኩት። ሰዓቷን ልጃቸው ዓሊያ መጥታ ወሰደችላቸው፣ "የኔ ስጦታ ነው በያቸው" ብዬ ተኩራራሁባት።

ቦያችን ላይ አንድ ደንብ አለ። ተራ ሲያጣላ ሰው አይከራከርም። የውኃ አባት ሰዓቱን ይፈታና ኩታው ላይ ያስቀምጣል፣ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ያያል፣ አለቀ። እዚያ ማሳ ያላት ሙሚና ባሏ ሞቶ ከልጆቿ ጋር የቀረች ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ካሚል ከታች በኩል ያለው ማሳ የእሱ ነውና፣ "ለብቻዋ ለሆነች ሴት እስከ ሦስት ሰዓት ይበቃታል" ብሎ ተነሣ። ሽማግሌዎች ማክሰኞ ማክሰኞ እስከ አምስት ብለው ፈረዱላት። ጋሼ ሷሊሕ ሁሉም እያዩ ያችን ሰዓት አስከፍተው አምስት ላይ በመርፌ ጫሩባት። "ከእንግዲህ የኔን ቃል ሳይሆን ይችን ጭረት ጠይቁ" አሉ። እኔ ገበሬ አይደለሁም፣ እዚያ አልነበርኩም። ይሄን ሁሉ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ዓሊያ ሰዓቷን በወሰደች ማግስት ማክሰኞ ነበር። ካሚል ገና በሦስት ሰዓት ዶማውን ይዞ ሄደና የሙሚናን ውኃ ዘጋባት። ጋሼ ሷሊሕ ሰዓታቸውን ፈትተው ኩታቸው ላይ አስቀመጡ። ሁሉም ጎንበስ አለ። ብርቱካናማ ፊት፣ አንድም ጭረት የለበትም። ጭረቷን ድሮ ያየ ሁሉ ካሚልን ፈርቶ አላየሁም አለ።

ካሚል ከሳቸው ቀድሞ ሱቄ ደረሰ። "የድሮውን ፊት ጥለኸዋል አይደል?" አለኝና እየሳቀ ሄደ። ጋሼ ሷሊሕ ላብ በላብ ሆነው ተከትለውት መጡ።

"ረድዋን ልጄ፣ የድሮው ፊት አለ?"

ጣሳው ክርኔ ሥር ነው።

"ጣልኩት ጋሼ።"

"ጭረቷንስ አይተሃታል? አምስት ላይ?"

"እኔ ጭረት የሚባል አላየሁም።"

ለወንድሜ ብዬ ነው ብል እዋሻለሁ። የፈራሁት "ሳይጠይቅ የሰው ሰዓት ይነካል" መባልን ነው። ለዚህች ለማትረባ ስሜ ብዬ የሙሚናን የቲሞች ሐቅ ቀበርኩ፣ ወላሂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ጋሼ ሷሊሕ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

"አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልጄ" አሉኝ። "በከንቱ ጠረጠርኩህ። እኔው ነኝ ያረጀሁት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሙሚና ውኃ በሦስት ሰዓት ይዘጋ ጀመር። ጋሼ ሷሊሕም የውኃ አባትነቱን ተዉት፣ ከቤትም አይወጡም ተባለ። እኔ ሥራዬን ሠራሁ። ምግብ አልበላ ሲለኝ በሙቀቱ አሳበብኩ። ያንን ጣሳ ደግሞ አንዴም አልከፈትኩት።

ታኅሣሥ ላይ ሙሚና ሱቄ መጣች። መስኮቱን አይታ ፊቷን አዞረች።

"ከቀለማሙ አይደለም ወንድሜ። ነጭ ስጠኝ፣ በመርፌ ሲጭሩት የሚታይ።"

"ምን ያደርግልሻል?"

"ጋሼ ሷሊሕ እኔ ዘንድ መጥተው አለቀሱ። 'ያልጫርኩትን ጫርኩ ብዬ በሰው ፊት ዋሸሁልሽ' አሉኝ። እኔ ሲጭሩ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግን ማን ይሰማኛል? እንግዲህ የራሴን ሰዓት እይዛለሁ።"

ሰዓት አልሰጠኋትም። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩና ያችን ቢጫ ፊት አንሥቼ አሳየኋት። ሙሚና አየችኝ። ሰድባኝ በሆነ። ዘወር ብላ ወጣች።

ማክሰኞ ዕለት ጋሼ ሷሊሕን ከቤታቸው ለምኜ አወጣኋቸው፣ ዓሊያ ክንዳቸውን ይዛ ቦዩ ዘንድ ወረድን። ገበሬው ሁሉ ተሰብስቧል። ሰዓታቸውን ኩታቸው ላይ ከፈትኩት፣ ብርቱካናማውን አወጣሁ፣ ቢጫውን መለስኩ። አንዷ ብሎን ሁለት ጊዜ ወደቀችብኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ጣሳዬ ውስጥ እንደነበረ፣ ጭረቱንም አይቼ እንደካድኩ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ካሚል ምራቁን ተፍቶ ሄደ። የቀሩት አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ አዩ። የሙሚና ውኃ እስከ አምስት ተለቀቀ፣ የማሳዋ ጫፍ ላይ ያለው ሽንኩርቷ ግን ደርቆ አልቋል፣ አሁን ውኃ ቢያገኝም አይነሣም።

ጋሼ ሷሊሕ ጭረቷን በጥፍራቸው ዳሰሷት።

"አልረሳሁም ነበር ለካ" አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። "ሁለት ወር ሙሉ እሳሳታለሁ ብዬ ፈርቼ ልጆቼን በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። 'አንተ'፣ 'አንቺ' እያልኩ ነው የከረምኩት።"

አውፍ ይበሉኝ ልል ነበር።

እሳቸው ግን ወደ ልጃቸው ዘወር አሉ።

"ዓሊያ" አሉ።

"አቤት አባ።"

"ዓሊያ" አሉ እንደገና፣ ቀስ ብለው፣ እሷም እያለቀሰች እንደገና አቤት አለቻቸው።