ለማፍጠሪያ የተላከው ተልባ

ወይኒ ያለ ጭንቀት ውላ አታውቅም። የምታጠናውም ነገር እንደሷው ነው፤ ፈሳሽ ነው ሲሉት ቆሞ ይገኛል፣ ጠጣር ነው ሲሉት በትንሽ ንክኪ ይፈርሳል። ሳይንሱ እንዲህ ያለውን ሁሉ፣ ከጥርስ ሳሙና እስከ እርጎ፣ ለስላሳ ቁስ ይለዋል። እሷ የመረጠችው የተልባን ዝልግልግ ነው። ተቀቅሎና ተጣርቶ ከረጋ በኋላ በራሱ ክብደት መቼ እንደሚደረመስ ለማየት ስታፈጥበት ትውላለች።

የዩኒቨርሲቲው ማቀዝቀዣ ቢበላሽባት አንዱን ናሙና ካዛንቺስ ወደተከራየችበት ኮንዶሚኒየም አመጣችው። እንዳይሻግት መርዝ የጨመረችበትን ነገር በውሃ ብርጭቆ፣ ያውም ሁዳዴና ረመዳን በተገጣጠሙበት ወር፣ ከአከራይዋ ፍሪጅ ከጎመኑ ጎን የምታስቀምጥ ምሁር ምን ትባላለች? ጠዋት ለአከራይዋ ለእትዬ ሀብትነሽ ልትነግራቸው አስባ ነበር። ግን ስለ መመረቂያ ጽሑፏ ፈታኞች ስታማርር «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ! ሂጂ፣ አትፍሪያቸው» ብለው ሲያስቋት ረሳችው።

አመሻሽ ላይ ከዩኒቨርሲቲው ተመልሳ ቤት እንደገባች ፍሪጁን ከፈተች። ብርጭቆው የለም።

«እትዬ፣ እዚህ የነበረው ብርጭቆስ?»

«ተልባው? አሳምረሽ ሠርተሽዋል እኮ፣ የኔ ልጅ! ራቢያ ጾሙ ሆዴን አቃጠለኝ ስትለኝ ማር በጥብጬ ሰጠኋት፣ ታፍጥርበት ብዬ። ላንቺ ነገ እተካልሻለሁ።»

«እርስዎስ? ቀመሱት?»

«እኔማ ስበጠብጠው ዘጠኝ ሰዓት አልሞላ፣ እየጾምኩ ምን እቀምሳለሁ? ምነው፣ ፊትሽ?»

ወይኒ እየሮጠች ወጣች። ጎረቤታቸው ራቢያ የምትኖረው ቀጥሎ ባለው ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ብትደውልላትም ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። ወይኒ ደረጃውን ሳታጋምስ ከመስጊዱ የማፍጠሪያው አዛን ተሰማ። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ያደገችው ድምፅ እንደዛሬ አስፈርቷት አያውቅም። በቃ፣ ገደልኳት፣ አለች በልቧ። የደረጃውን ብረት እየያዘች ሽቅብ ሮጠችና በሩን በቡጢ ደበደበችው።

ራቢያ ከፈተች። ተምሩ ጉንጯ ውስጥ ነው፤ ብርጭቆውም በእጇ ነው።

«ወይኒዬ! አላህ ነው ያመጣሽ! በማፍጠሪያ ሰዓት የደረሰ እንግዳማ ቀድሞ ይቀምሳል። እንቺ!» ብላ ብርጭቆውን አስያዘቻት።

ወይኒ በሁለት እጇ ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ሳምንታት የጠበቀችው ናሙና ማር ገብቶበት ተበጥብጧል፤ ያ ግን ትዝም አላላት።

«ጠጥተሽዋል?»

«ኧረ ገና ተምሬን አልዋጥኩም። ምን ሆነሻል አንቺ?»

«መርዝ አለበት፣ ራቢያ። የላብራቶሪ ነው፣ ማለቴ… የኔ ነው። እትዬ አያውቁም፤ እኔ ነኝ ሳልነግራቸው…» እንባዋ ቀደማት።

ራቢያ ብርጭቆውን አየችው፤ ወይኒን አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። ምንጣፉ ላይ ባሏና ልጆቿ ባዶ ስኒ ይዘው ይጠብቃሉ።

«ለሁሉም እንዲደርስ ላካፍለው ነበር እኮ» አለች።